ሽማግሌ ያልተላከላቸው

የሻረግና ፀሐይ መኳረፋቸውን ሰው ያወቀው በሰኔ መጨረሻ አንድ እሑድ ነው። የሮም ሐበሾች ከካቶሊኮች በተዋሱት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው እየተሳሳመ ሲሰነባበት፣ የሦስት ዓመቷ ሣባ እጇን ከእናቷ መንጭቃ ወደ ክርስትና እናቷ ሮጠች። ፀሐይ ልጂቱን አቅፋ ሳመቻት፤ ፀጉሯን አስተካከለችላት። ከዚያ መሬት አቆመቻትና አጠገቧ ያለችውን የልጂቱን እናት እንደ መብራት እንጨት አልፋት ወደ ትራሙ አመራች። የሻረግም አልጠራቻትም።

«ጉድ ነው! አበልጅና አበልጅ?» አለች ነገሩን ከጥግ ሆና ያየች ሴት።

«በሰው አገር፣ ያውም ሳይሞላልን! ይልቅ ሳይከር ለጋሽ ገብረሃና ይነገራቸው» አለች ሌላዋ።

ሰው የደነገጠው ያለ ነገር አልነበረም። የሻረግ ከአዲስ አበባ የወጣችው ወንድሟ በቀይ ሽብር በተገደለ በዓመቱ ነው። ሮም ስትገባ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ፒኜቶ ሠፈር ውስጥ ካለች አንዲት ክፍል የአልጋዋን ግማሽ የለቀቀችላት ፀሐይ ናት። የሣባ አባት ወደ ስዊድን ተሻግሮ በዚያው ሲቀር፣ ምጥ የያዛት ቀን ወገቧን የደገፈቻት ፀሐይ ናት። ልጂቱን ክርስትና አነሳች፤ እናቲቱን ሥራ አስገባች፤ ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ባለቀ ቁጥር ከጎህ በፊት ወጥታ ተሰለፈችላት። ሮም ውስጥ የሻረግ ከእግዚአብሔርና ከፀሐይ በቀር ዘመድ የላትም ይባል ነበር። እሷም እንዲያ ነበር የምትለው።

ጠቡን ያስነሳው ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ መሆኑን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም።

ሁለቱም የሚሠሩት ከቶር ፒኛታራ ሠፈር ወጣ ብሎ ባለ የአረጋውያን ቤት ነው። በሩ ላይ የተጻፈው ስም ረጅም ስለሆነ ሐበሾቹ ባጭሩ «ሪፖዞ» ይሉታል፤ ዕረፍት ማለት ነው። ፊት ለፊቱ ጽጌረዳ ተተክሏል፤ በረንዳው ሁልጊዜ ይታጠባል። ሁሉም «ዲሬትሪቼ» የሚላት የቤቱ ኃላፊ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ጣሊያን ናት። አባቷ ፒያሳ ላይ የነበረውን ሆቴል ደርግ ሲወርስበት ከነቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ መጣ። «ሐበሻን አሳምሬ አውቀዋለሁ» ትላለች። አማርኛን የተማረችው ከቤታቸው ሠራተኞች ጋር ስታድግ ነውና «ነይ»፣ «ሂጂ»፣ «አምጪ» ከአፏ ሲወጡ አራዳ ተወልደው ያደጉ ሰዎች እንኳ እንዲያ አያጠሯቸውም። ከዚያ ወዲያ ያለው አማርኛዋ ይሰባበራል። የምትቀጥራቸው ሴቶች አብዛኞቹ ሐበሾች ነበሩ፤ የላይኛውን ፎቅ ሥራ የምትመራው ካፖ ደግሞ ፀሐይ።

የሻረግ እስከ ፋሲካ ድረስ ወጥ ቤት ነበረች። ፎቁ ላይ ምን እንደሚደረግ ያየችው ከፋሲካ በኋላ ወደ ላይ ስትዛወር ነው። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ በየኮመዲኖው ላይ ያለው ብርጭቆ ይሰበሰባል። አንሶላ እንዳይረጥብ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ውሃ የሚባል የለም። የሚንቆራጠጥ ሰው የሚያደነዝዝ ጠብታ መድኃኒት ይሰጠዋል። ጠብታው ያልበገረው እጁ በአንሶላ ቁራጭ ከአልጋው ብረት ጋር ይታሰራል። ዲሬትሪቼዋ ይህን ሁሉ «ጥንቃቄ» ትለዋለች።

በኮሪደሩ ጫፍ ባለው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል የሚተኙት ሲኞራ ኔላ ናቸው። ዕድሜያቸውን ፒኜቶ ውስጥ የሰው ልብስ ሲተኩሱ የኖሩ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ሚላኖ ካለ አንድ የወንድም ልጅ በቀር ዘመድ የሌላቸው ሴት ናቸው። እሱም ለገና ብቻ ብቅ ይላል።

«እግሬ ጡረታ ወጥቷል፤ ምላሴ ግን ገና ሠራተኛ ነው» ይላሉ። የታሰሩበትን ጨርቅ በጣታቸው እየዳበሱ፣ «ይሄ እኮ ጥሩ አንሶላ ነበር። በእኔ ጊዜ ለሙሽራ ይነጠፋል። ለእስረኛ ሲቀደድ ያየሁት እዚህ ነው» ብለው የሻረግን ያስቋታል። የሻረግም ሳቋን ሳትጨርስ ታፍራለች።

በሰኔ ሙቀቱ በረታ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሲኞራ ኔላ አልቀለዱም። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ «ልጄ፣ ውሃ» ብቻ አሏት።

የሻረግ ባደገችበት ቤት ውሃ የጠየቀ መንገደኛ ስሙን እንኳ ሳይጠየቅ ይጠጣል። ውሃ ለጠላትም አይከለከልም። እጃቸውን ፈታች፤ ከቧንቧ ቀድታ አመጣችላቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ሕፃን እየተንገበገቡ ጠጡ። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ አንድ ቀን ፀሐይ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ አንሶላው ርሶ አገኘችው።

«ማን ነው ያጠጣት?»

«እኔ ነኝ» አለች የሻረግ።

«አንቺ? ፍራሹ ሲበሰብስ ዲሬትሪቼዋ የምትጮኸው ባንቺ ላይ ነው?»

«አንሶላውን እኔ አጥባለሁ። ተጠምተው ነው እትዬ።»

«አሮጊት መቼ ትጠግባለች! ያጠጧትን ትጠጣለች፤ የጠጣችውን ትሸናለች።»

ፀሐይ ይህን እያለች ጨርቁን በአሮጊቷ እጅ ላይ ጠምጥማ ሳበችው። ሲኞራ ኔላ አንድ የሮማ ሠፈር ስድብ ከጥርሳቸው መሐል አወጡ። ፀሐይ በጥፊ አለቻቸው። ለሁለተኛው ስታነሳ የሻረግ እጇን አየር ላይ ያዘችው።

«እትዬ ፀሐይ፣ በቃ!»

ፀሐይ የተያዘ እጇን አየችው፤ ከዚያ የሻረግን። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እጄን ያዝሽ? ልጅሽን ክርስትና ያነሳሁበትን እጅ ያዝሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀረ።

የዚያን ቀን ማምሻውን የሻረግ እስራቱን ስትፈታ ጨርቁ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ነበር። በሞቀ ውሃ እያራሰች ቀስ አድርጋ አላቀቀችው። ደም የነካውን ቁራጭ ልትጥለው ብላ እጇ እምቢ አላት፤ አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሲኞራ ኔላ ያዩዋት ነበር።

«ኢስፔቶሬው በሐምሌ ይመጣል» አሉ። «ተቆጣጣሪው። በየዓመቱ ይመጣል። አምና ኬክ በላ፤ ጽጌረዳውን አደነቀ፤ ሄደ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

«ነግሬዋለሁ። ዲሬትሪቼዋ ከኋላዬ ቆማ ጣቷን እዚህ ጋ አሽከረከረችው።» ግንባራቸውን አሳዩአት። «እኔ ስናገር በሽታ ነው። አንቺ ስትናገሪ ምስክርነት ነው። ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ።»

«እንዲያው ደስ እንዲለኝ ነው ወይስ የምርሽን?»

የሻረግ በጣሊያንኛ የሚመጥን መሐላ አጣች። «ማርያምን!» አለች በራሷ ቋንቋ።

ሲኞራ ኔላ ሳይተረጎምላቸው ገባቸው። «ማርያምን» ብለው ደገሙት፤ አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት። «ጥሩ። ይሄን ቃል እይዘዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ሐምሌ በገባበት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ክፍል ውስጥ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ለሐበሻ ሠራተኛ ሁሉ ዕረፍት ነው። ለጣሊያኖቹ ደግሞ የዚያን ቀን ብሔራዊ ቡድናቸው ለዋንጫ ለማለፍ የሚጫወትበት ቀን ነበር፤ ከታች ካለው ባር የቴሌቪዥኑ ድምፅ በክፍቱ መስኮት ይገባል። የመጡት ሽማግሌዎች ሁለት ናቸው። ጋሽ ገብረሃና አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ ደርግን ሸሽተው ሮም የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። እሳቸው የገቡበት ዕርቅ ፈርሶ አያውቅም ይባላል። አቶ ዑቕባሚካኤል የአስመራ ሰው፣ ብረት በያጅ፣ ነገር ሲከር በቀልድ የሚያላላ ነው።

«ልጆቼ፣ የመጣነው ለመፍረድ አይደለም» ብለው ጀመሩ ጋሽ ገብረሃና። «ፍርድ አገራችን ቀርቷል። የመጣነው ለማስታረቅ ነው። እስቲ ታላቂቱ ትቅደም።»

ፀሐይ ገና አፏን ሳትከፍት እንባዋ ቀደማት። «እህቴ ናት ብዬ ነው ያኖርኳት። በፈረንጅ ፊት እጄን ያዘችኝ። አዋረደችኝ።»

«አንቺስ?»

የሻረግ ሁሉንም ተናገረች፤ ብርጭቆውን፣ ጠብታውን፣ ጥፊውን። ከቦርሳዋ የአንሶላውን ቁራጭ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ደሙ ቡናማ ሆኗል።

«የተበደልኩት እኔ አይደለሁም ጋሼ። የተበደሉት ሴትዮዋ ናቸው። ኢስፔቶሬው ሲመጣ እናገራለሁ ብዬላቸዋለሁ።»

ከታች ባሩ በጩኸት ተናወጠ። ጎል ገብቷል። አቶ ዑቕባሚካኤል ወደ መስኮቱ ዘወር ብሎ፣ «ይቺ ለማናችሁ ተቆጠረች?» አለ። ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ገብረሃና ጨርቁን ሳይነኩት ብዙ አዩት። «ፀሐይ፣ ይሄን አድርገሻል?»

«ታዝዤ ነው ጋሼ።»

«ቢታዘዙም ኃጢአት ነው። ውሃ መከልከል ኃጢአት ነው፤ ደካማ መምታት ኃጢአት ነው።»

የሻረግ ይህን ስትሰማ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ተቀመጠች። እኚህ ሰው እውነት ያውቃሉ አለች በልቧ።

«ከእንግዲህስ?» አሉ።

«ከእንግዲህ አላስራትም። ውሃም አልከለክልም። በሣባ ይዤዋለሁ።»

«የሻረግ፣ ሰማሽ? የፈለግሽው ይህን አይደለም?»

«ይህን ነው።»

«ታዲያ ኢስፔቶሬው ምን ይጨምርልሻል? ፖሊስ መጥቶ አበልጅሽን ይጎትታታል። ሥራዋን ታጣለች፤ ፔርሜሶዋን ትቀማለች። ከዚያ ወዴት ትሂድ? ደርግ ጋ? አንዷን ለማዳን ሌላዋን ማረድ ምን ይባላል?»

«ግን ቃል ገብቼላቸዋለሁ ጋሼ።»

«የገባሽው ቃል ከእስራት እንዲድኑ ነው። ዳኑ። ቃልሽ ተፈጸመ ማለት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ሲቀመጥ የሚታጠፍበት ቦታ አልነበረውም። የሻረግ አንገቷን ደፋች።

ፀሐይ ይቅርታ ለመጠየቅ እንደ አገሯ ወግ ድንጋይ ልትሸከም ተነሳች። ድንጋይ ግን ከየት ይመጣል? አቶ ዑቕባሚካኤል ዙሪያውን ቃኘ። «ሮም ውስጥ ድንጋይ ብታነሺ ሐውልት ሰረቀች ብለው ያስሩሻል። በዚህ ይብቃሽ» አለና መስኮቱ ላይ የነበረውን ካውያ አቀበላት። ፀሐይ ከባዱን ካውያ ማጅራቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። የሻረግ ያንን ማየት አልቻለችም። ሮጣ አነሳችላት፤ እግሯ ላይ ወደቀች። ተያይዘው ተላቀሱ። «ይቅር ለእግዚአብሔር»፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ።

ጋሽ ገብረሃና መረቁ። ከዚያ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አነሱት።

«ዕርቅ ከወረደ ያለፈው አይነሳም። ለውጭ ሰው አይነገርም። ይሄም ቂም ነው፤ ቤት ውስጥ አይቀመጥም።»

እቃ ማጠቢያው ላይ ይዘው ክብሪት ጫሩበት። የሻረግ ሲቃጠል ቆማ አየችው። ሽታው የተተኮሰ ልብስ ያረረ ጊዜ የሚሸተውን ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ብርጭቆዎቹ ከምሳ በኋላ አልተሰበሰቡም። ፀሐይ ራሷ ማሰሮ የሚያህል ጆግ ይዛ በየአልጋው እየዞረች ትቀዳለች። የሻረግ በደስታ ልቧ ዘለለ።

«ኢስፔቶሬው ሊመጣ ነው» አሉ ሲኞራ ኔላ፣ ብርጭቋቸውን በጥርጣሬ እያዩ።

«አይደለም! ታረቅን እኮ። ሽማግሌዎች መጥተው አስታረቁን።»

«ማንን ከማን?»

«እኔንና እትዬ ፀሐይን።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«በእርስዎ ምክንያት ነው የተጣላነው።»

ሲኞራ ኔላ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ጥሩ ልማድ አላችሁ። እና ወደ እኔ የሚመጡት መቼ ነው?»

«እነማን?»

«ሽማግሌዎቹ። እጁ እንኳ የኔ ነበር መሰለኝ።» ጠባሳቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ተመለከቱት። ከዚያ አዘኑላትና ፈገግ አሉ። «ግድ የለም። አንቺ ማርያምን ብለሻል።»

የሻረግ ለሽማግሌዎቹ የሰጠችውን ሌላውን ቃል አልነገረቻቸውም።

ጣሊያን ዋንጫውን የወሰደችው በዚያው እሑድ ነው። ኢስፔቶሬው የመጣው በሳምንቱ መካከል፣ ባንዲራው ገና ከየበረንዳው ሳይወርድ ነበር። ወፍራም፣ ትሁት፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። እሑድ ለዋንጫው ሲጮህ አድሮ ድምፁ ተዘግቷል፤ እንደ ሚስጥር ያንሾካሽካል። ዲሬትሪቼዋ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ከአልጋ አልጋ ትመራዋለች። በየደረሰበት «እንዴት ነን?» ይላል፤ በጠብታ የደነዘዙት ፈገግ ይሉለታል። ሲኞራ ኔላ የዚያን ቀን ጠዋት ጠብታቸውን ከምላሳቸው ሥር ይዘው ትራሳቸው ላይ ተፍተውት ነበር።

«ኢስፔቶሬ» አሉ ጥርት ባለ ድምፅ። «ከምሳ በኋላ ውሃ ይወስዱብናል። እጃችንንም ያስሩናል። ዛሬ አንተ ስለምትመጣ ነው ያላሰሩን።»

ዲሬትሪቼዋ በዚህ ጊዜ ጣቷን አላሽከረከረችም። ሙሉውን ብርጭቆ ከኮመዲኖው አንስታ በትዕግሥት ወደ አፋቸው አስጠጋችላቸው። ሰውየው ጠባሳውን አየ።

«ይሄስ?»

«ወድቃ ነው» አለች ዲሬትሪቼዋ።

«እሷን ጠይቃት» አሉ ሲኞራ ኔላ። ጣታቸው የሻረግን አመለከተ። «እሷ ታውቃለች። እሷ ትናገራለች።»

ሰውየው ወደ የሻረግ ዞረ። የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ በር ላይ የቆመችው ፀሐይ ያን ጊዜ በአማርኛ፣ ማር በሚያንጠባጥብ ድምፅ፣ «አበልጄ፣ ጋሽ ገብረሃና ሰላም በይልኝ ብለውኛል» አለች። ዲሬትሪቼዋ ወደ ጫማዋ አቀርቅራ ፈገግ አለች። የሻረግ ፈገግታውን አየችው፤ ትርጉሙ ግን ወዲያው አልመጣላትም። የመጣላት ካውያው ነው። ፀሐይ ማጅራት ላይ ያለው ከባዱ ካውያ፣ ያነሳችላትም እሷው ራሷ።

«ሲኞሪና?» አለ ኢስፔቶሬው።

«ውሃ... ውሃ አለ» አለች የሻረግ። «ይኸው ይታያል።»

«ማሰሩስ?»

«አሁን የለም።»

አንዱም ቃል ውሸት አልነበረም። ብትዋሽ ኖሮ እንዲያ ባላፈረች። ቀና ስትል ሲኞራ ኔላ አያዩዋትም። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ፣ ከማዶ በረንዳ ላይ በተንጠለጠለው ባንዲራ ላይ ነው።

«ቫ ቤኔ፣ መልካም» አለ ሰውየው፤ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

መኪናው ከግቢው በወጣ በዚያው ከሰዓት ብርጭቆዎቹ ተሰበሰቡ። የሻረግ ፀሐይን ኮሪደሩ ላይ ትሪ እንደያዘች አገኘቻት። የተቀደደው አንሶላ ትከሻዋ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ቃልሽስ?»

«የምን ቃል? አንቺን ምን አደረግሁሽ? ሰላም አላልኩሽም? ልጅሽን አልሳምኩም?»

«አላስርም አላልሽም? ውሃ አልከለክልም ብለሽ ካውያ አልተሸከምሽም?»

«የተሸከምኩት ላንቺ ነው። ለሷም ልሸከምላት?» ፀሐይ የምሯን ተገርማ ነበር። «እኔ የታረቅኩት ካንቺ ጋር ነው፣ የሻረግ።»

ቢሮው በር ላይ ዲሬትሪቼዋ ቆማለች። «ተዪ፣ ፀሐይ። ሂጂ» አለች በዚያ በጠራው አማርኛዋ። ከዚያ ወደ የሻረግ ዞራ፣ «ሽማግሌ ገባ፣ አይደል? አበሻ ታረቀ፣ ከዚያ አያነሳም። እኔ አውቃለሁ» አለች።

የሻረግ ያ ፈገግታ አሁን ገባት። ወደ አበልጇ ዞረች።

«ሽማግሌ ላኪባት ያለችሽ እሷ ናት?»

ፀሐይ ትሪውን አስተካከለች። «ብትልስ? ታረቂ አለችኝ እንጂ ግደያት አለችኝ?»

ከሥራ ስትወጣ የሻረግ በቀጥታ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች። ጋሽ ገብረሃና ጥላ ሥር፣ በተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ፊቷን ሲያዩ ለምን እንደመጣች ገባቸው።

«ዲሬትሪቼዋ ልካዎት ነው የመጡት?»

አልካዱም። «ደውላልኛለች። በሱዳን በኩል የመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ መሬት ላይ የሚያድሩ። ሰኞ ሥራ አስገባቻቸው። አሁን አልጋ አላቸው።» ወንበራቸውን ወደ ጥላው ሳብ አደረጉ። «ልጄ፣ ባንድ በኩል የራሷ አገር፣ የራሷ መንግሥት ያላት አንዲት ፈረንጅ አሮጊት። በሌላ በኩል ማንም የሌላቸው ሁለት የእናትሽ ልጆች። አንቺ ዳኛ ብትሆኚ ምን ትፈርጂ ነበር?»

«ለመፍረድ አልመጣንም ብለው ነበር እኮ» አለች የሻረግ።

ትታቸው ሄደች። ጥቂት ከራቀች በኋላ ከኋላዋ፣ «ዕርቁን እንዳታፈርሺው!» ሲሉ ሰማቻቸው። ድምፃቸው ውስጥ ማዘዝ ሳይሆን ልመና ነበረበት።

በማግሥቱ ጠዋት የኢስፔቶሬውን ቢሮ አጠያይቃ ሄደች። ሰውየው አወቃት፤ ወንበር ሰጣት። ድምፁ ተመልሶለታል። እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ሲኞሪና፣ ትናንት ጠይቄሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ውሃ አለ አልሽኝ።»

«ነበረ።»

«ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?»

«እርስዎ ሄዱ» አለች የሻረግ። «ሳይናገሩ ዛሬ ከምሳ በኋላ ቢመጡ ያዩታል።»

«ሳናስታውቅ አንሄድም። ደንቡ ነው።» እውነትም ያዘነ ይመስል ነበር። «የሚታይ፣ የሚዳሰስ ነገር አለሽ?»

የሻረግ ጨርቁ ሲቃጠል ታያት።

«የለኝም።»

«አሎራ... እንግዲህ፣ የሰማሁትን አልረሳውም። የዘንድሮው ጉብኝት ግን አልቋል። በሚመጣው ሐምሌ እናየዋለን።»

ሪፖዞ ስትደርስ ምሳ አልፏል። ኮሪደሩ በጠብታው ጸጥ ብሏል። ከቧንቧ አንድ ብርጭቆ ሞልታ ወደ ጫፉ ክፍል ገባች። ሲኞራ ኔላ ቀኝ እጃቸው ከብረቱ ጋር ታስሯል፤ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነው። ከማዶ ያለው ባንዲራ ወርዷል።

«ነገርኩት» አለች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ።

«ማንን?»

«ኢስፔቶሬውን። ቢሮው ድረስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ዛሬ ማንም አልጠየቀሽም» አሉ ሲኞራ ኔላ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቀልዱም ጠፍቶበታል። «የጠየቁሽ ትናንት ነበር።»

የሻረግ ብርጭቆውን ኮመዲኖው ላይ አድርጋ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። ጠብቋል፤ በጥርሷ ጭምር ታገለችው። በመጨረሻ ጨርቁ ላልቶ ወደቀ። ብርጭቆውን አንስታ ዘረጋችላቸው። እጃቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። ተፈቶም እንደታሰረ፣ ብረቱን እንደተደገፈ ቀረ።

«ይጠጡ እንጂ።»

ከንፈራቸው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ውሃውን አዩት፤ ቆይተው እሷን አዩዋት።

«ማርያምን» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በኮሪደሩ የፀሐይ ነጠላ ጫማ ድምፅ ወደ ክፍሉ ይቀርባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሻረግ ብርጭቆውን ሽርጧ ሥር ትደብቀው ነበር። አሁን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠችው ቆየች፤ አፉ ድረስ የሞላ ስለነበር በተነፈሰች ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየፈሰሰ አንሶላውን ያርሰው ነበር።